«ቻል አድርጊው» ተባልኩ። ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

ቫውቸር
ማክሰኞ፣ ማታ 4:10

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ብቻ ነው የምወጣው። ዛሬ የራሴን ይዤ መጣሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

አዲስ አበባ ውስጥ ዕቃ እያስመጣ በሚያከፋፍል ድርጅት ገንዘብ ያዥ ነኝ። ሦስት ዓመት ሞላኝ። ሥራዬን እወደዋለሁ፣ ሒሳቤም ጎድሎ አያውቅም። ችግሬ የሽያጭ ኃላፊው ነው። የዋና ሥራ አስኪያጁ የሚስት ወንድም መሆኑን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀልድ ነበር። «ብር ስትቆጥሪ ጣትሽን ሳይ ሒሳብ ይጠፋብኛል» ዓይነት። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ቀጥሎ የወጪ ማዘዣ ሲያመጣ በመስኮቱ መስጠት ተወ። የካዝናው ክፍል ከእኔ በቀር ሰው አይገባበትም፣ ደንቡ ነው። እሱ ግን «እኔም ኃላፊ ነኝ» ብሎ ይገባል። ከኋላዬ ይቆምና ወረቀቱን በትከሻዬ አሻግሮ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል። ወረቀቱን ያስቀምጣል፣ እጁን ግን አያነሳም። እኔ ብር እየቆጠርኩ ስለሆነ መነሳት አልችልም። ሽቶው ሹራቤ ላይ ቀርቶ ታክሲ ውስጥ ሁሉ ይከተለኛል።

ማታ ደግሞ ቴሌግራም አለ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ «ተኛሽ?» ይላል። ከዚያ እዚህ የማልጽፈው ነገር። ጠዋት ስነሳ ቻቱ ባዶ ነው። ከእሱም ከእኔም ስልክ አጥፍቶታል።

ለሰው ሀብት ኃላፊዋ ነገርኳት። ሴት ናት፣ ትረዳኛለች ብዬ። በሩን ዘጋች፣ ውሃ ቀዳችልኝ፣ ከዚያ «ባህሪው ነው፣ ከሁሉም ጋር እንዲሁ ነው። ቻል አድርጊው። ማስረጃ የለሽም፣ በኋላ የሚነሳው ያንቺ ስም ነው» አለችኝ። በአሥረኛው ቀን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። በሦስት ዓመት የመጀመሪያዬ። ምክንያቱ «የሥራ ሰዓት አለማክበር»። 12 ደቂቃ አርፍጃለሁ፤ ያውም ባንክ ገቢ አድርጌ ስመለስ።

መልቀቂያ ጽፌ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤዋለሁ። «በግል ምክንያት» ይላል። ላስገባው? የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ታናሽ ወንድሜንም የማስተምረው እኔ ነኝ።

የሽሮሜዳ እናት
ማክሰኞ፣ ማታ 4:52

ልጄ፣ አይዞሽ። እኔ በታይፕ ዘመን ጸሐፊ ነበርኩ። አለቃዬ እንዲሁ ነበር። ሙቀትም ይሁን ብርድ ወፍራም ጃኬት ለብሼ ነበር የምሠራው፣ እስከ አንገቴ ቆልፌ። ሰው ሁሉ «ብርድ ብርድ የሚላት ልጅ» ይለኝ ነበር። ለባለቤቴ የነገርኩት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው። ስለ ሕጉ ልጆቹ ይንገሩሽ። እኔ የምልሽ፣ ያንን ሳቅ በራስሽ ላይ አትቁጠሪው። ሁላችንም ስቀናል። ሌላ ምን ይደረጋል?

ገለልተኛ
ማክሰኞ፣ ማታ 5:15

ይቅርታ ግን የሁለቱም ወገን ሳይሰማ መፍረድ አይከብድም? እኛ አገር ሰው ትከሻ ላይ እጅ ማድረግ ያለ ነው። ለምን በቀጥታ «አልወደድኩትም» አትይውም?

ጋራዥ
ማክሰኞ፣ ማታ 5:31

@ገለልተኛ፣ ወንድሜ፣ አንተ የባንክ ብር ስትቆጥር የማን እጅ ትከሻህ ላይ አርፎ ያውቃል? የሥራ አስኪያጅህ የሚስት ወንድም ቢሆንስ «አልወደድኩትም» ትለው ነበር?

እኔ ወንድ ነኝ፣ የእኔ ነገር ከሷ ይለያል። የሠራሁበት ጋራዥ ፎርማኑ በደንበኛ ፊት በእናቴ ይሰድበኝ ነበር። አንዴ የጎማ መፍቻ ወርውሮብኝ በጆሮዬ በኩል አለፈ። ለባለቤቱ ስነግረው «እሱም ሲማር እንዲሁ ነው የተማረው» አለኝ። ስምንት ወር ቻልኩ። አንድ ቀን መሣሪያውን መሬት ጥዬ ወጣሁ። ደብዳቤ የለ፣ ምን የለ። ምን ሆንኩ? «ሥራ ጥሎ የጠፋ» ተብዬ የሥራ ልምድ ወረቀቴን እንኳ ሳላገኝ ቀረሁ። እንደ እኔ አትውጪ።

ችሎት አዳሪ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:20

ጠበቃ ነኝ፣ ግን ይህን እንደ ጠቅላላ ሐሳብ ውሰጂው፤ ወረቀትሽን አላየሁም።

ቦርሳሽ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ አታስገቢው። ከሁሉ በፊት እሱን። «በግል ምክንያት» ብለሽ ከፈረምሽ በራስሽ ፈቃድ የለቀቅሽ ሠራተኛ ነሽ ማለት ነው። በኋላ ችሎት ቀርበሽ «ተገፍቼ ነው» ስትዪ ያንቺን ፊርማ አውጥተው ያነቡልሻል። አይቻለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለዚህ ነገር መልስ አለው። አንቀጽ 14 አሠሪውም የሥራ መሪውም በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳ እንዳይፈጽሙ ይከለክላል። አንቀጽ 32 ደግሞ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን የሚያቋርጥባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። አንዱ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው ትንኮሳ ሲደርስበት ነው። በዚህ ምክንያት የወጣ ሰው የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፣ በላዩ ላይ የቀን ደመወዙ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈለዋል። አምስት ዓመት ሳያገለግል በተራ የወጣ ሰው ግን የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ስንብት ክፍያ ይሄዳል።

በምሳሌ ልንገርሽ። የቀን ደመወዝሽ 400 ብር ነው እንበል። ካሳው 36,000 ነው። ስንብቱ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ማለት 12,000። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት የዚያ ሲሶ እየተጨመረ 4,000፣ 4,000። ድምሩ 56,000 ይሆናል። ሀብታም አያደርግሽም። የቤት ኪራይ ግን ነው።

አሁን ጥንቃቄው። «የሽያጭ ኃላፊ» የሚለው ስም ብቻውን የሥራ መሪ አያደርገውም። ሰው ይቀጥራል? ያዛውራል? ያሰናብታል? እነዚህን የማድረግ ሥልጣን ተሰጥቶታል ወይ ነው ጥያቄው። ካልሆነ እንደ ሥራ ባልደረባ ይቆጠራል። ያኔም በር አይዘጋም፤ አንቀጽ 39 ባልደረባ ለፈጸመው ትንኮሳም ሠራተኛው ለአሠሪው አመልክቶ በጊዜው ተገቢው እርምጃ ካልተወሰደ የስንብት ክፍያ ይገባዋል ይላል። «አመልክቶ» የሚለውን ቃል ልብ በይ። በቃል የነገርሽው የሰው ሀብት ኃላፊዋ ነገ «አልሰማሁም» ብትል በምን ትረቻታለሽ?

ሌላው ቀን ነው። በአንቀጽ 33 ያለ ማስጠንቀቂያ የመውጣት መብትሽ ድርጊቱ ከተፈጸመ ወይም ከቆመ በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀምሽበት ያልፋል። ስለዚህ የመጨረሻው ድርጊት መቼ እንደሆነ በቀን፣ በሰዓት ጻፊ።

ቫውቸር
ረቡዕ፣ ጠዋት 2:05

አንብቤ እጄ ተንቀጠቀጠ። የመጨረሻው ባለፈው ዓርብ ነው። ሰው መቅጠር ላይ ቃለ መጠይቅ ሲያደርግ አይቻለሁ፣ ፊርማው ግን የሥራ አስኪያጁ ነው። ጋሼ፣ ደብዳቤውን ለማን ነው የምጽፈው?

ሰው ሀብት 12 ዓመት
ረቡዕ፣ ጠዋት 4:40

እኔ ያቺ ሴትዮ ነኝ። ያንቺዋ አይደለሁም፣ ግን ወንበሩ አንድ ነው። 12 ዓመት ተቀምጬበታለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዚያ ስደቡኝ።

ሠራተኛ በቃል ሲነግረኝ የመጀመሪያው ሐሳቤ «ይህ ነገር እንዴት ይብረድ» ነው። ደመወዜን የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው። የእሱን አማች ከስሼ ሰኞ የት እገባለሁ? ውሃ ቀድቼ፣ አጽናንቼ፣ አሰናብታለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም። ወይ ክፉ መሆን ማለት ይኸው ይሆናል፣ እንጃ።

ደብዳቤ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። መዝገብ ቤት የገቢ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ መልስ ያልሰጠሁት እኔ ነኝ፣ የእኔም አንገት ነው። ስለዚህ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ጻፊ፣ ግልባጭ ለሰው ሀብት፤ ማኅበር ካላችሁ ለሠራተኛ ማኅበሩም። ሁለት ቅጂ አትሚ። አንዱ ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቺና ቀሪ ያዢ። ማኅተሙ ከሌለው ደብዳቤ አልገባም።

ስትጽፊ ስሜትሽን አትጻፊ። «በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በካዝናው ክፍል፣ እንዲህ አደረገ፣ እንዲህ አልኩ።» አንድ ገጽ ይበቃል። «በዚህ ቀን ለሰው ሀብት ኃላፊዋ በቃል አመልክቼ ነበር» የምትለዋን መስመር አትርሺ። ያቺ መስመር ነች ኃላፊዋን ከወንበሯ የምታስነሳት።

የሽሮሜዳ እናት
ረቡዕ፣ ቀን 6:15

እኔ አልሰድብሽም። የኔዋ ውሃም አልቀዳችልኝም።

ቅጽ 22
ረቡዕ፣ ቀን 7:30

የፋይናንስ ሰው ነኝ። ሁላችሁም የረሳችሁት ነገር አለ። እህታችን ገንዘብ ያዥ ናት። ገንዘብ ያዥ ሲጠላ በሌላ አይመጣበትም፣ በጉድለት ነው የሚመጣበት።

ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ካዝናሽን ራስሽ አስቆጥሪ። የወጪ ማዘዣዎቹን በቁጥር ደርድሪ፣ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ካለ በስም ዝርዝር አውጪ። ኃላፊሽ ቆጥሮ የፈረመበትን ወረቀት ቅጂ ውሰጂ። ለመውጣት ከወሰንሽም ሳታስረክቢ እግርሽን አታንሺ። ቁልፍ ለማን፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ብር፣ ሁሉም በርክክብ ሰነድ።

ሌላም አለ። ካዝና ክፍል ያልተፈቀደለት ሰው መግባቱ ራሱ የውስጥ ቁጥጥር ጥሰት ነው። ለፋይናንስ ኃላፊው በማስታወሻ ጻፊለት። ስለ ትንኮሳ የማይሰማ ጆሮ ስለ ካዝና ይሰማል።

ጋራዥ
ረቡዕ፣ ቀን 7:48

@ቅጽ 22፣ ይህ ደስ አላለኝም። ሰው ተነክቶ ስለ ካዝና እንጻፍ? ዋናውን ነገር መደበቅ አይሆንም?

ቅጽ 22
ረቡዕ፣ ቀን 8:02

ይምረርህ እንጂ በሩን የሚዘጋው እሱ ነው። ሁለቱንም ትጻፍ ነው ያልኩት። አንዱ ለፍትሕ ነው፣ አንዱ ለሰኞ ጠዋት።

ኔትወርክ
ረቡዕ፣ ማታ 2:20

ስለ ቴሌግራም። አዎ፣ ላኪው ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል፣ ላንቺ ማሳወቂያ አይመጣም። መልእክቱ እንደገባ ስክሪንሹት አንሺ። ከተቻለ በሌላ ስልክ ካሜራ ስልክሽን ራሱን አንሺው፤ የሱ ስም፣ ስልክ ቁጥሩና ሰዓቱ እንዲታይ። ፕሮፋሉን ከፍተሽም አንሺ፣ በኋላ ስሙን ይቀይራል። ከዚያ ለምታምኚው ሰው ወዲያው ላኪ። አትመልሺለት፣ አትሳደቢው። ብሎክ ለማድረግም አትቸኩዪ፣ ሌሊት ስልክሽን ድምፁን አጥፍተሽ ተኚ።

ቅዳሜ ገበያ
ረቡዕ፣ ማታ 3:05

እኔ ብሆን ፎቶውን ከነስሙ ቲክቶክ ላይ ነበር የምለጥፈው። በአንድ ሌሊት ያልቅ ነበር።

ችሎት አዳሪ
ረቡዕ፣ ማታ 3:40

ያልቅ ነበር፣ ግን በማን ላይ? ስም ማጥፋት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 613 የሚያስጠይቅ ነው። ከሳሽ የነበረችው ልጅ ተከሳሽ ትሆናለች። ለአሠሪ፣ ለሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤት ማመልከት ሌላ ነው። እዚያ ስሙን መጻፍ ትችላለች፣ አለባትም።

ወዴት እንደሚኬድ ልጨምር። የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች አሉት፣ ድርጅቱ ድረስ ሄደው ይጠይቃሉ። ክስ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ውል በመቋረጡ የሚነሳ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አዋጁ ችሎቱ በ60 ቀን ይወስን ይላል፤ እኔ የያዝኳቸው እንዳሉ ከዚያ በላይ ይሄዳሉ፣ ስለዚህ ያንን ካሳ ለሚቀጥለው ወር ኪራይ እንዳታስቢው። ጠበቃ መቅጠር ካልቻልሽ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል።

ቢሮክራት
ረቡዕ፣ ማታ 4:00

እኔ መንግሥት መሥሪያ ቤት ነኝ። ይህ አዋጅ ለእኛ ይሠራል እንዴ?

ችሎት አዳሪ
ረቡዕ፣ ማታ 4:06

አይሠራም። እናንተ በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው የምትተዳደሩት። መንገዱ በቅሬታ ሰሚ አድርጎ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። የሴቶች ጉዳይ ክፍላችሁንም አትለፉት። ዝርዝሩን ለብቻው ክፈትና እመጣለሁ።

አሌክሳንድሪያ
ሐሙስ፣ ጠዋት 12:50

ከቨርጂኒያ ነኝ። እዚህ ሕግ አለ ብላችሁ እንዳትቀኑ። ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽጂ ሳለሁ ሱፐርቫይዘሬ የአገሬ ልጅ ነበር። ባዶ ክፍል እየጠበቀ ይገባብኝ ነበር። ለፈረንጁ ማናጀር ስነግረው «እናንተ አንድ ማኅበረሰብ ናችሁ፣ በመካከላችሁ ጨርሱት» አለኝ። ጨርሱት ማለት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌ ተልኮ «ልጅ አለው፣ አታስባርሪው» መባል ነበር።

የሠራተኛ መብት የምታውቅ ልጅ ናት ያዳነችኝ። የድርጅቱ ሠራተኞች ቁጥር 15 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ኢኢኦሲ ለሚባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት አቤቱታ ይቀርባል። ቀኑ 180 ነው፣ የራሳቸው ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ባላቸው ስቴቶች 300። አቤት በማለትሽ ቢበቀሉሽ በቀሉ ራሱ ሌላ ጥሰት ነው። እኔ ያወቅሁት ቀኑ ሊያልፍ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ሽማግሌዎቹን እየጠበቅሁ፣ ቡና እያፈላሁላቸው፣ ስምንት ወር ተኩል አቃጠልኩ። አስቡት፣ ቡና።

ገለልተኛ
ሐሙስ፣ ጠዋት 2:30

የመጀመሪያ አስተያየቴን አንስቻለሁ። አለቃው ከማን ጋር እንደሚዛመድ ስታነሺ አላጤንኩትም። ደብዳቤውን ማረም ካስፈለገሽ እረዳለሁ፣ በሥራዬ የምጽፈው እሱን ነው።

ቫውቸር
ዓርብ፣ ማታ 3:15

የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ካዝናዬን አስቆጠርኩ። ልክ ወጣ፣ እስከ ሳንቲሙ። የፋይናንስ ኃላፊው «ምን ሆነሽ ነው ዛሬ?» አለኝ። «ወር መጨረሻ ነው» አልኩት። አልነበረም። ፈረመልኝ።

ዛሬ ጠዋት ሁለቱንም ደብዳቤ ይዤ መዝገብ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ የመጀመሪያውን መስመር አነበበችና ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ መልሳ ከተተችው። «እሳቸው ካላዩት አልመታም» አለች። እንደማልሄድ ነገርኳት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ እኔ ቁጭ። 40 ደቂቃ። በመጨረሻ ዝቅ ባለ ድምፅ «እኔንም ባለፈው ዓመት...» ብላ ዝም አለች። ማኅተሙን አውጥታ መታችው። ቁጥሩን ስትጽፍ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀሪዬን ሰጥታኝ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረች።

ከሰዓት በኋላ ሦስት ሰዎች ለድንገተኛ ቆጠራ መጡብኝ። @ቅጽ 22፣ አንተን አሰብኩ። የሐሙሱን ወረቀት አሳየኋቸው። እንደገና ቆጠሩ። ልክ ነው።

ቅጽ 22
ዓርብ፣ ማታ 3:19

የዛሬውንም ቆጠራ ቅጂ ወሰድሽ?

ቫውቸር
ዓርብ፣ ማታ 3:21

ወሰድኩ። ሦስቱም ፈርመዋል።

ሰው ሀብት 12 ዓመት
ዓርብ፣ ማታ 4:10

የመዝገብ ቤቷን ልጅ አትግፊያት፣ ግን አትራቂያትም። ሻይ ጋብዣት። ምስክር ትሁን አትሁን የራሷ ውሳኔ ነው። ሁለተኛ ደብዳቤ ከመጣ ግን «የግል ጠብ ነው» የሚባለው ነገር ያበቃል።

ቫውቸር
ከአሥራ ሦስት ቀን በኋላ፣ ሐሙስ፣ ማታ 2:45

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ነው።

የፋይናንስ ኃላፊው በማስታወሻዬ መሠረት ካዝና ክፍል ማንም እንዳይገባ ማስታወቂያ ለጠፈ። በሩ ላይ። ያ ሰውዬ አሁን በመስኮቱ ነው ወረቀት የሚሰጠኝ፣ ፊቴን ሳያይ። ቴሌግራምም ቆሟል። ስለ ዋናው ደብዳቤ ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። «ቤተሰብ ነን፣ ለምን ወደ ወረቀት አመጣሽው?» አለኝ። «በቃል አምጥቼው ነበር» አልኩት። አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋማል ተብሏል። በጽሑፍ ይሰጠኝ አልኩ፣ እስካሁን አልተሰጠኝም።

የመዝገብ ቤቷ ልጅ ጋር ሻይ ጠጣን። ስለዚያ ነገር አላወራንም። ሁለት ሻይ፣ አንድ ፓስቲ ለሁለት። ከፋዩ እሷ ነች።

አልለቀቅሁም። ሌላ ቦታ ግን ማመልከት ጀምሬያለሁ፣ ሁለት ጋ ሲቪ አስገብቻለሁ። ጋሼ ችሎት አዳሪ፣ ድርጊቱ ከቆመ 15 የሥራ ቀን ሊሞላ ነው፣ ቀኑን እየቆጠርኩ ነው።

ችሎት አዳሪ
ሐሙስ፣ ማታ 3:02

ቁጠሪ። ነገ ወረቀቶችሽን ይዘሽ ከአንድ ጠበቃ ጋር ቁጭ በይ፣ እኔም ልሆን እችላለሁ፣ የሴት የሕግ ባለሙያዎቹ ማኅበርም። ለመውጣትም ለመቆየትም ውሳኔው ቀኑ ሳያልፍ ይሁን። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ለዚያ የማርፈድ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መልስ ሰጥተሻል?

ቫውቸር
ሐሙስ፣ ማታ 3:04

ውይ። እሱን ረስቼዋለሁ።

ችሎት አዳሪ
ሐሙስ፣ ማታ 3:05

ነገ ጠዋት። የዚያን ቀን የባንክ ገቢ ደረሰኝ ላይ ሰዓቱ አለ። አያይዢው።

ቫውቸር
ሐሙስ፣ ማታ 3:11

አገኘሁት። 2:31 ይላል። ገለልተኛ፣ ካልተኛህ አንድ ደብዳቤ ታርምልኛለህ?